ዳይሬክተሩ ምግብ ያቆመ ሰሞን

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ የሚከተለው ይታወቅ። ነዋሪነቱ በወልቂጤ ከተማ የሆነው፣ ዕድሜው አራት ዓመት፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቀለሙ ቡናማ፣ መርዝ የሌለው፣ ትዳር ያልመሠረተውና በቅጽል ስሙ «ዳይሬክተሩ» እየተባለ የሚጠራው እባብ፣ ከረመዳን ዋዜማ ጀምሮ ምግብ አቁሟል። ለምን እንዳቆመ አልተናገረም።

ጉዳዩ እዚያው ወልቂጤ ሊያልቅ ይችል ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ዑመይር፣ እባቡን በትራስ ልብስ ቋጥሮ አንድ የእንስሳት ባለሙያ ዘንድ ቢሄድ፣ ባለሙያው በሩን ዘግቶ በመስኮት አነጋገረው። በመስኮት የተሰጠው ምክርም አጭር ነበር፤ «ቡታጅራ ሞክር።» ቡታጅራ ከተራራው ወዲያ ስለሆነች የተመረጠች ይመስላል።

እናም በረመዳን የመጀመሪያ ቅዳሜ ዑመይር ተራራውን በሚኒባስ ተሻግሮ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ያለች ትንሽ የእንስሳት ሕክምና ቤት ገባ። ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ሻርፕዋን ወደ ኋላ የቋጠረች ልጅ የበግ ሰኮና እያጠበች ነበር። ባሂራ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሙያዋ ከከብት ሆድ መነፋት እስከ ዶሮ ክትባት ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዶክተር።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዶክተር አይደለሁም።» የትራስ ልብሱን አየችው። «ዶሮ ነው?»

«አይደለም።»

«ጥንቸል?»

«ቁጭ ብትዪ ይሻላል።»

«ቆሜ ልስማው። የተቀመጠ ሰው ለመሮጥ ጊዜ ይፈጅበታል።»

ነገራት። አልሮጠችም። ይህን ያላደረገችው ከጀግንነት አልነበረም፤ በሩ በእሱ በኩል ስለነበረ ነው። ሆኖም እሱ ቋጠሮውን ሲፈታና ያ ቀጭን ቡናማ ነገር በጣቶቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲንሸራተት፣ ዓይኗ ከእባቡ ይልቅ እጆቹ ላይ ቀረ። አልጨበጠውም። መንገድ እየሰጠው ነበር፤ አንዱ እጅ ሲያልቅበት ሌላውን ከፊቱ ያስቀምጥለታል።

የታካሚ ካርድ አወጣች። «በሬ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል» የሚለውን ሁሉ ሰርዛ «ሌላ» ብላ ጻፈች።

«ሕመሙ?»

«አይበላም። አይተኛም። ቀኑን ሙሉ ይንከራተታል። መስታወቱን እየገፋ አፍንጫውን ላጠው።»

«ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ለእሱ ነው የጠየቅኩት።»

«እኔም ለእሱ ነው የመለስኩት» አለ ዑመይር፤ ከዚያ ግን ጆሮው ቀላ።

ጫጩት በምትመዝንበት ሚዛን ላይ በፕላስቲክ ሳህን አድርጋ መዘነችው። ዘጠና ስድስት ግራም። አፍንጫው ላይ ቅባት ቀባችለት። እጇ ሲንቀጠቀጥ ዑመይር አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ እሷም እንዳየ አውቃ እንዳላወቀች ሆነች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የጀመረው ብላ በኋላ ለራሷ ተናግራለች።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጣውና እንመዝነዋለን» አለችው።

አመጣው። ዘጠና ሦስት።

በሳምንቱም አመጣው። ሰማንያ ዘጠኝ።

ወልቂጤ ውስጥ ዑመይርን ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ሀሊሜ በነገሩ ብዙም አልተጨነቁም። «ረመዳን ነው፤ ይጹም ተወው» አሉ። «ከጎረቤት ወጣቶች ይሻላል።» ቡታጅራ ውስጥ ግን ባሂራ እንቅልፏን አጣች። በሁለተኛው ሳምንት በስልኳ ስታነብ ያገኘችው ነገር አለ። ወንድ እባብ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ ምግብ ያቆማል፤ ይቅበጠበጣል፤ ይከሳል። በሽታ አይደለም፤ ካልተጠነቀቁለት ግን በሽታ ይሆናል። የሚያስፈልገው አንድ ጎኑ የሚሞቅ ሳጥን፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሚደበቅበት ጨለማ ጥግና ጸጥታ ነው። ሚዛኑም እዚያው ቤቱ ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቦታ ቦታ አይንገላታ።

ከቦታ ቦታ አይንገላታ። ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በየሳምንቱ በትራስ ልብስ ተቋጥሮ፣ ጉልበት ላይ ተቀምጦ፣ ተራራ ለተራራ ሲንገጫገጭ የሚውል እባብ እንዴት ሊበላ ይችላል? ይህን መናገር ሥራዋ ነው። ከተናገረች ደግሞ ቅዳሜ ባዶ ነው።

አልተናገረችም። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» አለች።

ሥራ ቦታ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ትውላለች። አርብ ሲደርስ በግ የሚያሳክመው ሰውዬ የነገራትን ሁለቴ ታስደግመዋለች። ቅዳሜ ጠዋት የእያንዳንዱን ሚኒባስ ጥሩንባ ትቆጥራለች። እሱ ሲገባ ደግሞ ጉልበቱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ሁለቱም ጾመኛ ናቸው፤ ሁለቱም ከስተዋል፤ በሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግን እባቡ ብቻ ነው።

ኢድ አለፈ። እትዬ ሀሊሜ «ይኼስ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾምም ሊጨምር ነው መሰለኝ» ብለው ሳቁ። ከኢድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሚዛኑ ሰማንያ ሁለት አለ። ባሂራ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጽፋ ቀና ማለት አቃታት።

«ዑመይር።»

በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ጉልበቱ ቆመ።

«እኔ ነኝ የማሳምመው» አለችው። «መንገዱ ነው የሚጎዳው። ካወቅኩ አራት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ሳልነግርህ ቀረሁ።»

 ውጭ አንድ አህያ ጮኸ፤ እስኪጨርስ ሁለቱም ጠበቁ።

«የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ነግሬሻለሁ አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ነግረኸኛል።»

«እና የማላውቅ መስሎሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን እባቡን ነበር የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ያለው እፍረት የእሷን የሚያክል ነበር።

«ሚዛንም አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ። ከዚህኛው ይሻላል።»

«ታዲያ ለምን…»

«ያለ እባብ ብመጣ ምን ልልሽ ነበር? ባዶ እጁን የእንስሳት ሐኪም ቤት የሚገባ ወንድ ምን ይባላል?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሁለት ፈሪዎች መካከል ለአምስት ሳምንት ሲመላለስ የከረመው ፍጡር በሚዛኑ ሳህን ላይ ተጠቅልሎ ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል።

«ከዛሬ ጀምሮ አታመጣውም» አለች።

«አላመጣውም። ሽማግሌ ነው የምልከው።»

* * *

የባሂራ አባት ሀቢቡ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። በርበሬ አሽትተው የየት እርሻ እንደሆነ የሚናገሩ፣ ሰውንም በዚያው መንገድ እመዝናለሁ ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የመጡት የዑመይር አባት ወዳጅ የነበሩት የእንሴኖው ሐጂ ከድሮ ነበሩ። ሐጂ ከድሮ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ እውነቱን ሙሉውን ተናግረውም አያውቁም።

ባሂራ ጓዳ ሆና ትሰማለች። እናቷ ከድጄ አጠገቧ ቆመው ክንዷን ይዘዋል።

«ይቅማል?»

«አይቅምም።»

«ያጨሳል?»

«አያጨስም።»

«ይሰግዳል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሀቢቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እቤቱ እባብ አለ ይባላል።»

ሐጂ ከድሮ ሳሉ። «አንድ ብቻ ነው» አሉ።

 ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ «እባብ ካለበት ቤት ልጄን አላስገባም። መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሌሎች ጠያቂዎች አሉ፤ መርካቶ ሱቅ ያለው ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም።»

ማታውኑ ዑመይር ደወለ። እየተራመደ እንደሚያወራ ከትንፋሹ ታወቃት።

«ነገ እለቀዋለሁ» አለ። «ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ።»

«አትለቀውም።»

«ባሂራ፣ አረፋ እኮ ወር ከምናምን ነው የቀረው።»

«ሰማንያ አንድ ግራም ሆኖ፣ አፍንጫው ተልጦ፣ ከጫጩትነቱ ጀምሮ በእጅህ ያደገ እባብ ሜዳ ላይ ብትጥለው ሳምንት አይቆይም። በእኔና በአንተ ምክንያት ነው እዚህ የደረሰው። በሽተኛዬን ሳይድን አላስወጣም። ይብላ፣ ክብደቱ ይመለስ፣ ከዚያ ማን እንደሚወስደው እናያለን።»

«ካልበላስ?»

«እንጠብቃለን።»

«አባትሽስ የመርካቶውን ቢቀበሉ?»

 ስልኩን አልዘጋችም፤ እሱም አልዘጋም፤ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ የሁለቱ ትንፋሽ ብቻ ተራራውን ሲመላለስ ቆየ።

ሳምንታት አለፉ። ዑመይር በየቀኑ ይጽፍላታል። «ውሃ ጠጣ።» «ሌሊት ሲዞር ነበር።» «ትንሿን የሞተች አይጥ አስቀመጥኩለት፤ አሽትቶ ተዋት።» «ከፍቼ አየሁት።» «እንደገና አየሁት።» እሷ ትመልሳለች፤ «ሙቀቱን ተቆጣጠር።» «ሕያው አይጥ እንዳትሰጠው፣ ትነክሰዋለች።» ከድጄ ልጃቸው በስልክ የምትጽፈውን በትከሻዋ በኩል አንድ ቀን አንብበው፣ «በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ላይ ጽጌረዳ ነበር የሚሳለው» አሉና ሄዱ።

በመሀል ሀቢቡ ሐጂ ከድሮን ገበያ ላይ አግኝተው «ምነው ዘገያችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሐጂ ከድሮ እንደ ልማዳቸው እውነቱን ከግማሹ ላይ ቆረጡ።

«እቤት ታማሚ አለ። እስኪሻለው ነው።»

ይህ ለሀቢቡ ከባድ ነገር ነበር። በእሳቸው ሕግ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ሄዶ መጠየቅ እንጂ ቅድመ ሁኔታ መደርደር ነውር ነው። ያሳደጉት አክስቱ ናቸው ብለው ገመቱ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል ሲባል ሰምተዋል። ለማንም ሳይናገሩ በማግስቱ ማለዳ አንድ እጅ ሙዝና ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝተው ሚኒባስ ላይ ወጡ።

ባሂራ ሥራ ላይ ሆና ነው እናቷ የደወሉት።

«አባትሽ ወልቂጤ ሄደ።»

«ለምን?»

«የዑመይር አክስት ታመዋል አሉ። ሊጠይቅ።»

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ዑመይር ጋ ደወለች፤ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስልኩ ተዘግቷል። እንደገና ደወለች። ሴት ልጅ ሳትታጭ የጠያቂዋ ቤት ብትሄድ ምን እንደሚባል ታውቃለች። የሕክምና ቦርሳዋን አነሳች፤ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። ሙሽራ አይደለችም፤ ሐኪም ናት። ተራራው ላይ ሚኒባሱ ለሰው በቆመ ቁጥር እግሯ ወለሉን ይመታል። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ አይተው አይተው «ምጥ ነው የምትሄጂበት ልጄ?» አሏት። «የዚያን ያህል ነው» አለች።

እትዬ ሀሊሜ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት፤ ጤነኛ፣ ቀጥ ብለው።

«አባቴስ?»

«ጓዳ ነው።»

«ምን አሉ?»

«በሩን ስከፍትለት ሙዙን ይዞ ‹ማን ነው የታመመው?› አለኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ? አስገባሁት።»

«ከዚያስ?»

«ጮኸ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ከዚያ ‹ታማሚ ሳይቀምስ ከቤቱ ወጥቼ አላውቅም› አለና ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሆነው። እልኸኛ ነው አባትሽ።»

ገባች። ሀቢቡ በርጩማ ላይ፣ ከመስታወቱ ሳጥን ሁለት እርምጃ ርቀው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዑመይር ከትምህርት ቤት እየሮጠ ደርሶ ላቡ አልደረቀም፤ የሳጥኑን ክዳን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉ አባቷ።

«በሽተኛዬ ነው፣ አባ።»

ጋዋኗን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ዑመይር ዞሩ።

«ይኼ ልጅ ከገባ ግማሽ ሰዓት አልሆነውም፤ አምስት ጊዜ ከፍቶታል። አንዴ ውሃ፣ አንዴ ሙቀት፣ አንዴ ዝም ብሎ ለማየት። ይኼን ሁሉ ዓይን እያየው ማን ይበላል? እኔ ራሴ አልበላም።»

 አምስት ሳምንት በመንገድ፣ ቀሪውን ጊዜ ደግሞ በክዳን አስጨንቀውታል። ይህን ባሂራ አልጠረጠረችውም።

«ስንት ቀኑ ነው?» አሉ ሀቢቡ።

«ስልሳ አንድ» አለ ዑመይር።

«በስልሳ አንድ ቀን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍተህ በግድ ልታጎርሰው አልሞከርክም?»

«አይደረግም ጋሼ። በግድ ቢጎርስ ይተፋዋል። ሊሞትም ይችላል።»

«ተቆጥተኸውስ?»

ዑመይር ጥያቄው አልገባውም። «ስላልፈለገ?» አለ።

ሀቢቡ ረዥም ጊዜ አዩት። በርበሬ ሲመርጡ እንደሚያዩት ነበር አተያያቸው፤ ባሂራ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ግን ወዴት እንደሚያደላ አስቀድማ አውቃ አታውቅም።

«አይጧን አስቀምጥና ውጡ» አሉ። ከትከሻቸው ላይ ፎጣቸውን አንስተው በእግራቸው ጣት ቀረቡና ሳጥኑን አለበሱት። «መጋረጃውንም ዝጉ። ማንም እንዳይገባ።»

«አባ፣ እርስዎ ብቻዎን…»

«ውጡ አልኩ።»

ውጭኛው ክፍል ሦስቱ ተቀመጡ፤ እትዬ ሀሊሜ በመካከል፤ እንደ ግድግዳ። የሰዓቱ መርፌ ይሰማል። ዑመይር ሁለቴ ሊነሳ ሲል አሮጊቷ ጉልበቱን ተጫኑት። ሦስተኛውን አልሞከረም። ባሂራ በአክስቱ ትከሻ በኩል አየችው፤ እሱም አያት። ከተዋወቁ ጀምሮ በመካከላቸው ሚዛን፣ ካርድ ወይም ስልክ ያልነበረበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሁለቱም አላወቁም።

«ካልበላ ይሄዳሉ» አለ በሹክሹክታ።

«ካልበላም አልተውም።»

«እሱን?»

«አንተን» አለች።

እትዬ ሀሊሜ መቁጠሪያቸውን ጠበቅ አድርገው «ጆሮዬ ድሮም አይሰማም» አሉ።

ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ደጃፉ ዞረች። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሀቢቡ ያለ ፎጣቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«ቀመሰ» አሉ።

ዑመይር ሊነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ባሂራ ተነስታ ልትገባ ስትል አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። «ይዋጥለት።» ከዚያ አንዲት ሙዝ ልጠው በሉና የቡታጅራ ሚኒባስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ጠየቁ። ተራራውን ሙሉ አባትና ልጅ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አረፋ መጣ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ በመጣ ሰው ሞላች። የመርካቶው ልጅ ወገኖች በዋዜማው ደወሉ፤ ሀቢቡ ስልኩን ይዘው ግቢ ወጡ፤ ምን እንዳሉ አልተሰማም፤ ሲመለሱ ሌላ ወሬ ጀመሩ። ባሂራ ዋዜማውን ቆማ አደረች ማለት ይቻላል። ማንም የነገራት ነገር የለም።

በበዓሉ ማግስት ሐጂ ከድሮ ሁለት ሰው አስከትለው ገቡ። ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል። ከሰላምታና ከዱዓ በኋላ ሐጂ ከድሮ ወረቀት አወጡ፤ ዑመይር የጻፈላቸው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን እውነት ሊናገሩ ተገድደዋል።

«እንግዲህ ሀቢቡ፣ አልዋሽህም። በጠየቅከው መሠረት እባቡ… አልወጣም። አራት ጊዜ በልቷል። ክብደቱ ሰማንያ ዘጠኝ ገብቷል። ልጅቷ ደግሞ ዘጠና ስድስት ካልሆነ አላስወጣም…»

«ስለ እባቡ ማን ጠየቀህ?» አሉ ሀቢቡ።

ሐጂ ከድሮ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ምንም አልተጻፈበትም።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። እባቡም እዚያው ይቀመጥ።»

ጓዳ ውስጥ ባሂራ የያዘችው ሳህን ከእጇ እንዳይወድቅ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው። ከድጄ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ፤ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ባላቸው ቃላቸውን ሲያጥፉ አይተው አያውቁም።

«አንተ ሰውዬ፣ እባብ ያለበት ቤት አላስገባም ብለህ ከተማ ሙሉ አላሰማህም? ወልቂጤ ሄደህ ምን አይተህ መጣህ?»

እንግዳው ሁሉ ዘወር አለ። ከአዳማ የመጣው የአጎቷ ልጅ ሳይቀር ማኘኩን አቆመ።

ሀቢቡ አንገታቸውን ሳያቀኑ ከፊታቸው ያለውን ሥጋ ቆረጡ፤ ለሐጂ ከድሮ አቀረቡላቸው።

«አልናገርም» አሉ።